የቤንዚን ሞተሩን በመብራት ፓምፕ ልቀይር? የጉድጓዱ ውሃስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው መቂ አቅራቢያ ነው። በግማሽ ሄክታር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ አለማለሁ። ጉድጓዴ በእጅ የተቆፈረ ነው። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 11 ሜትር ሲሆን ውሃው 7 ሜትር ላይ ይገኛል። እስካሁን የምስበው በቤንዚን ሞተር ነው። ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ በሠራሁት እርከን ላይ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ሰፈራችን ስሪ ፌዝ መብራት ገብቷል፤ ጎረቤቶቼም እየቀየሩ ነው። ሻጩ ባለ 4 የፈረስ ጉልበት ሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የመብራት ፓምፕ) ውሰድ ይለኛል። የመብራት ፓምፕ ውሃ አይጎዳም፣ ውሃውም ከደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ በስር ስለሚመጣ አያልቅም ባይ ነው። ወንድሜ ደግሞ መብራት በገባበት ሁሉ ጉድጓድ ይደርቃል ይላል። ማንን ልስማ?»

ወደ መብራት ይቀይሩ። ባለ 4 የፈረስ ጉልበቱን ፓምፕ ግን አይግዙ። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ፓምፕ በቤንዚንም ይሥራ በመብራት፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ካወጣ ከመሬት ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ ጎድሏል። የመብራት ፓምፕ ጭስ የለውም፤ ነዳጅም ጉድጓድ ውስጥ አያንጠባጥብም። በዚህ በኩል ሻጩ ልክ ነው። የውሃውን መጠን በተመለከተ ግን የኃይሉ ዓይነት በራሱ ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና ውሃው ሲሸሽ እስከ የት ድረስ እንደሚከተለው ነው። መብራት ሁለቱንም ይቀይራል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። እስካሁን ጉድጓድዎን የጠበቀው የቤንዚን ዋጋ ነው። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት በደረቁ ወቅት በቀን ከ20 እስከ 25 ሜትር ኩብ ውሃ ይጠጣል። በቦይ ሲያጠጡ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ስለሚሰርግ ከጉድጓዱ ወደ 45 ሜትር ኩብ ማውጣት ያስፈልጋል። በእርስዎ ጥልቀት ይህን በቤንዚን ለማውጣት ሁለት ሦስት ሊትር ይፈጃል። በመብራት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። የቤንዚኑንና የመብራቱን ዋጋ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አባዝተው ያነጻጽሩት። ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። ቤንዚን ደግሞ አንዳንዴ ይጠፋል፣ በጄሪካን ተሸክሞ ማምጣትም አለ። «ዛሬ ይቅር፣ ነገ አጠጣለሁ» የሚያሰኘው ይህ ሁሉ ነው። መብራት ሲገባ ይህ ማመንታት ይቀራል። ሰው ደጋግሞ ያጠጣል፣ ማሳውን ያሰፋል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርተው ሦስተኛ ዙር ይጨምራል። እንዲህ ማድረጉ ስስት አይደለም። ውሃ ርካሽ ሲሆን ማንም የሚያደርገው ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱ። መሬት ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ሞተር ገደብ አለው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሆነ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ በሒሳብ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ አይቻልም። የእርስዎ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳስቷል። ስለዚህ በሒሳብ 8.5 ሜትር ገደማ፣ በተግባር ደግሞ 6 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ለማውረድ የተገደዱትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሌላውን ሁሉ አቁሜ አንድ ነገር ልለምንዎት። የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አያስነሱ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እሱን ሊያወጣ የወረደው ሁለተኛው ሰውም ይሞታል። ወደ መብራት ይቀይሩ ስል ከውሃውም ከገንዘቡም በፊት የማስበው ይህን ነው። እስኪቀይሩ ድረስ ሞተሩ በቆመ ማግስት እንኳ ብቻዎን አይውረዱ።

ወደ ነገራችን ልመለስ። ሰብመርሲብል የሚሠራው ውሃው ውስጥ ጠልቆ ነው። ውሃውን ከታች ይገፋዋል እንጂ ከላይ ስለማይስበው የ6 ሜትሩ ገደብ አያግደውም። 20 ሜትርም 100 ሜትርም ይሁን፣ ተስማሚውን ፓምፕ ከገዙ ይወጣል። እስካሁን ውሃው ሲሸሽ ሞተሩ አልደርስ ብሎ ስለሚቆም ጉድጓዱ የማገገሚያ ጊዜ ያገኝ ነበር። ከሰብመርሲብል በኋላ ግን ውሃው በሸሸ ቁጥር ጉድጓድ ማጥለቅ ይመጣል። ያኔ የሚጎዳው ገንዘብ ያጣው ጎረቤት ነው። ባለ 60 ሜትር ጉድጓድ ያስቆፈረው ሲስብ ባለ 11 ሜትሩ ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርቀው ደግሞ እናቶች የመጠጥ ውሃ የሚቀዱበት ነው።

«ከሐይቁ በስር ስለሚመጣ አያልቅም» የሚለውን ላርመው። የከርሰ ምድር ውሃ በአካባቢያችሁ በአብዛኛው የሚፈሰው ከምሥራቅና ከምዕራብ ደጋዎች ወደ ሐይቁ ነው። ወደ ሐይቁ በጣም በተጠጋ ማሳ ላይ ብዙ ሰው ሲስብ አቅጣጫው ሊገለበጥና ሐይቁ ወደ ጉድጓድ ሊሰርግ ይችላል። ያ ሲሆንም ውሃው ከሐይቁ ሒሳብ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው እንጂ ትርፍ አልተገኘም። ደንበል ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይቀበላል፤ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ለአብያታ ይሰጣል። አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ለዚያ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከላይ በመስኖ የሚወሰደው ውሃም እንዲሁ። ሐረማያንም ያስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ሞተሮች፣ ለከተማ የሚወሰደው ውሃና ከተራራው የሚታጠበው ደለል ተደራርበው ነው። ውሃው ሲሸሽ አርሶ አደሩ ቱቦውን እያስረዘመ ተከተለው፤ በኋላም የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ውሃ ፈለገ። ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ይዟል። በመሀሉ የጠፋውን የዓሣ ሥራና የከተማ ውሃ ግን ማንም አልካሰም።

ስንት ሰው ሲስብ ነው ችግር የሚሆነው? እንደ ምሳሌ እንዲህ እናስላው። በአንድ ቀበሌ ከመሬቱ ሩብ ያህሉ በጉድጓድ ውሃ ለአራት ወር ይለማል እንበል። ሰብሉ በቀን 4.5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ በአራት ወር 540 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጠቅላላው መሬት ላይ ስናካፍለው 135 ሚሊ ሜትር ነው። ክረምቱ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሰርገው 70 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን 65 ሚሊ ሜትር ጉድለት አለ። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ውሃው ያለው በአሸዋው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ለፓምፕ የሚለቀው ቀዳዳ ከመሬቱ መጠን 10 በመቶ ቢሆን የውሃው ወለል በዓመት 65 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በአሥር ዓመት ስድስት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በስንጥቅ አለት ውስጥ ያለ ውሃ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ከዚህ በጣም ስለሚያንስ አወራረዱ ይፈጥናል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በየትኛውም ቦታ እንዲሁ ነው።

ወንድምዎ ያሉት በሕንድ ፑንጃብ በትክክል ደርሷል። እዚያ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ለገበሬው መብራት በነፃ ሰጠ። ስንዴና ሩዝ በየዓመቱ ተፈራረቁ፤ አገሪቱም ጠገበች። ዛሬ በፑንጃብ ከመሬት የሚወጣው ውሃ ከሚተካው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ላይ የተቀመጡት ፓምፖች አልደርስ ሲሉ ሁሉም ወደ ሰብመርሲብል ዞረ። ማጥለቅ ያልቻለው ትንሹ ገበሬ ከባለ ጥልቅ ጉድጓዱ ውሃ ገዢ ሆነ። በእ.ኤ.አ. 2009 መንግሥት ከተወሰነ ቀን በፊት ሩዝ መትከልን በሕግ ከለከለ፤ በሐሩሩ ወር የሚተነው ውሃ ይቀንስ ብሎ ነው። የጉጃራት ግዛት ሌላ መንገድ ያዘች። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የእርሻውን የመብራት መስመር ከመኖሪያ ቤቱ ለይታ ለእርሻ በቀን 8 ሰዓት ብቻ አደረገችው። ከነፃ መብራት ይሻላል። ሰዓት ብቻውን ግን ውሃ አይቆጥርም፤ ሰው ትልቅ ሞተር ገዝቶ በ8 ሰዓት የ16 ሰዓቱን ያወጣል። በሕንድ ብዙ ገበሬ መብራት ሲመጣ በራሱ የሚነሳ ማስነሻ ገጥሞ ይተኛል። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ማሳ ላይ ሲፈስ ያድራል።

«መብራት በገባበት ሁሉ» የሚለው ግን ስህተት ነው። በባንግላዴሽና በምዕራብ ቤንጋል የውሃው ወለል ቅርብ ነው፣ አፈሩ ያሰርጋል፣ ዝናቡም ከባድ ነው። በእነዚህ ቦታዎች በበጋ መሳብ ለክረምቱ ዝናብ ቦታ ይለቃል፤ አለዚያ ጎርፍ ሆኖ የሚሄደው ውሃ ወደ መሬት ይገባል። በአገራችንም የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ በውሃ ይሸፈናል። በእንዲህ ያለ ቦታ በልኩ መሳብ ውሃውን ላያሳንሰው ይችላል። መቂ ግን ፎገራ አይደለም። ዝናባችሁ አነስተኛ ነው፤ ፀሐዩና ንፋሱም ውሃውን ቶሎ ያተንኑታል። የሌላ ቦታን ምቾት ለራሳችሁ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ ጉድጓድዎ። 11 ሜትር ጠልቆ ውሃው 7 ላይ ከሆነ 4 ሜትር ውሃ አለ። በ1.5 ሜትር ስፋት 7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ 35 በርሜል። ባለ 4 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በዚህ ጥልቀት በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ያህል ይገፋል። ጉድጓድዎን ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርቀዋል። ከዚያ ያለ ውሃ ይዞርና ይቃጠላል፣ ወይም ከታች አሸዋ እየሳበ ግድግዳውን ይንደዋል። የጉድጓድን አቅም የሚወስነው የፓምፑ ጉልበት አይደለም፤ ከጎን የሚገባው ውሃ ነው። ጡቷ የደረቀ ላም በሁለት እጅ ስትታለብ ወተት አትጨምርም።

የሚገባውን ውሃ ራስዎ መለካት ይችላሉ። አሁን በደረቁ ወቅት፣ ከፍተኛ ውሃ በሚስቡበት ሰሞን ይሥሩት። የቤንዚን ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ሳያስነሱ፣ ከጎረቤት በተዋሱት የመብራት ፓምፕ ጉድጓዱን ዝቅ እስኪል ድረስ ይሳቡ፤ ፓምፑን ያቁሙ። ጫፉ ላይ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ከላይ ሆነው ይልቀቁና ውሃው በአንድ ሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወጣ ይለኩ። በእርስዎ ስፋት እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር 177 ሊትር ነው። በሰዓት አንድ ሜትር ቢወጣ 1770 ሊትር ገባ ማለት ነው፤ በ24 ሰዓት 42 ሜትር ኩብ። ውሃው ወደ ቀድሞ ቦታው ሲጠጋ አገባቡ እየዘገየ ስለሚሄድ ይህን ሁሉ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይውሰዱ። 28 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ይህን ለማውጣት የ1 የፈረስ ጉልበት ሰብመርሲብል በቂ ነው። በሰዓት 7 ሜትር ኩብ ያህል ስለሚገፋ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ተከፋፍሎ በድምሩ አራት ሰዓት ቢሠራ ይደርሳል። ስሪ ፌዝ እንኳ አያስፈልገውም፤ በተራው የቤት መስመር ይዞራል። ለትልቁ ፓምፕ ሊከፍሉት በነበረው የዋጋ ልዩነት ማሳው ራስ ላይ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት የውሃ ማጠራቀሚያ ይሥሩ። ጉድጓዱ በራሱ ፍጥነት ይሰጣል፤ እርስዎ በሚፈልጉት ሰዓት ያጠጣሉ። የማጠራቀሚያውን ዙሪያ ይጠሩት፣ ሕፃናት ይወድቁበታል።

በጠብታ መስኖ፣ ማለትም ውሃውን በቀጭን ቱቦ ጠብ እያደረጉ ተክሉ ሥር በማድረስ ቢያጠጡ 28 ሜትር ኩብ ለግማሽ ሄክታር ይበቃል። ሻጮች ስለ ጠብታ መስኖ የማይናገሩት ነገር ግን አለ። በቦይ ሲያጠጡ ከሰረገው ውሃ የተወሰነው ወደ ጉድጓድዎ ወይም ወደ ጎረቤት ይመለሳል። ለዘለቄታው የጠፋው ሽንኩርቱ ጠጥቶ ወደ አየር ያስተነፈሰው ነው። ጠብታ ፓምፕ የሚሠራበትን ሰዓት፣ የመብራት ወጪንና የማዳበሪያ መታጠብን ይቀንሳል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ውሃ ተረፈኝ» ብለው ማሳውን አንድ ሄክታር ካደረጉት ሰብሉ የሚጠጣው እጥፍ ይሆናል፣ ወደ መሬት የሚመለሰውም ይቀራል። ብዙ አገር ላይ ውሃ ይቆጥባል ተብሎ የገባ ጠብታ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያባሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ማሳውን አያስፉ።

ጉድጓድ ላጥልቅ ብለው ካሰቡም ይቆዩ። በስምጥ ሸለቆ ወደ ታች መውረድ ሁልጊዜ የተሻለ ውሃ አያመጣም። በብዙ ቦታ ጥልቁ ውሃ ፍሎራይድና ሶዲየም ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአካባቢያችሁ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ከዚያ በላይ የጠጡ ናቸው። ሶዲየም ደግሞ አፈሩን ያደነድነዋል፤ ውሃ አላስገባም ይላል። ማንኛውም አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ላቦራቶሪ ሳይገባ ለልጅ አይጠጣ፣ ማሳም ላይ አይፈሰስ።

ከሁሉም የሚከብደው የጎረቤቱ ጉዳይ ነው። እርስዎ ብቻዎን ቢቆጥቡ ጎረቤት የተረፈውን ይስበዋል፤ ውሃው አጥር የለውም። ሕጉም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳዎትም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። አዋጁ ሲወጣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ማለት ባልዲና ገመድ ነበር። ሰብመርሲብል የገባበት ጉድጓድ ሌላ ነገር ነው፤ ሕግ አውጪዎች ይህን ልዩነት ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ያለው መንገድ መስማማት ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የተፈቀደ አደረጃጀት ነው። ማኅበር ማቋቋም ካስቸገረ ደግሞ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያላችሁ ሰዎች ቁጭ በሉ። ሽማግሌዎችን አስቀምጡና ሦስት ነገር ተስማሙ፦ የፓምፕ ትልቁ ጉልበት ስንት ይሁን፣ በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል ስንት ሜትር ይራቅ፣ በወር አንድ ቀን ሁሉም የጉድጓዱን ውሃ ለክቶ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ። ደብተሩን አይናቁት። የዘንድሮ የግንቦት ልኬት ካምናው ግንቦት ዝቅ ካለ፣ ክረምቱም ካልመለሰው፣ ከምትተኩት በላይ እያወጣችሁ ነው። ያኔ ከሦስተኛው ዙር ምርት መቀነስ ይጀመራል። ትራንስፎርመሩም ቢሆን ሁሉም ትልቅ ሞተር ሲያስነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሁሉም ሞተር ይቃጠላል። ይህ ለስምምነት ጥሩ ማስገደጃ ነው፤ ሰው ለውሃው ባያስብ ለሞተሩ ያስባል።

መብራትና ውሃ አንድ ላይ ስለሆኑ ዝርጋታውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ኧርዝ ይቀበር፣ ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ይገጠም፣ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይግባ። መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳ ማስነሻ ግን አያስገጥሙ። ፓምፑን ከማውጣትዎ ወይም ጉድጓዱን ከመጥረግዎ በፊት ከቆጣሪው ያጥፉት።

አንዳንድ ጎረቤቶችዎ በሶላር ልጠቀም ይሉ ይሆናል። መብራት ለማይደርስበት ቦታ ግሩም ነው። ለውሃው ግን ከመብራትም የላላ ነው፤ ፓነሉ ከተገዛ በኋላ ቀጣዩ ሜትር ኩብ ምንም አያስወጣም። በየመን ሰንዓ አካባቢ በጦርነቱ ነዳጅ ሲጠፋ ገበሬው ወደ ሶላር ፓምፕ ዞረ። ከዚያ በፊትም ክፉኛ የተሟጠጠው ውሃ ከነዳጅ እጥረቱ ሊያገኝ የነበረውን እረፍት አጣ።

እንግዲህ ከግዢው በፊት የገመዱን ልኬት ይሥሩ። በሰዓት አንድ ሜትር አካባቢ ከወጣ ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱን ይግዙና ግማሽ ሄክታሩን በጠብታ ያልሙ። 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ በደህና መውሰድ የሚችሉት 14 ሜትር ኩብ ነው፤ በበጋ ሩብ ሄክታር ብቻ ያልሙ፣ የቀረውን ለክረምት ይተዉት። ከዚያም በታች ከሆነ ፓምፕ አይግዙ። ገንዘቡን በክረምት የጣሪያና የደጅ ጎርፍ ለሚይዝ ማጠራቀሚያ ያውሉት።